ግቢ ያልገባችው ዳኛ

ባለፈው ቅዳሜ ከፒያሳ ቪቶሪዮ ገበያ ሙዝ ገዛሁና ፌስታሉን ጠረጴዛ ላይ ጥዬ ወጣሁ። ስመለስ ክፍሉ በሙሉ ሙዝ ሙዝ ይሸታል፤ ያ ከልክ በላይ የበሰለ ሙዝ ሽታ፣ ጣፋጭ ሆኖ ትንሽ የሚያንቅ። መብራቱን ሳላበራ በሩ ላይ ቆምኩ። አፍንጫዬ ከእኔ ቀድሞ ከገበያው ጀርባ ወደነበረችው፣ አሳንሰር ወደሌላት አራተኛ ፎቅ ወጥቶ ነበር። «እኛ ግቢ ሙዝ አይገዛም፣ ይለቀማል» የምትል የሴት ድምፅም ተከትሎት መጣ።

ሮም የመጣሁት ለማስተርስ ነው። አልጋ የተከራየሁበት ቤት የሁለት ሐበሻ ሴቶች ነበር። ሁለቱም ፊሳ ነበሩ፤ አሮጊት ይጠብቃሉ፣ እዚያው አሠሪያቸው ቤት ያድራሉ። እረፍታቸው ሐሙስ ከሰዓትና እሁድ ስለሆነ ያችን ቤት የያዟት ለእነዚያ ቀናት ብቻ ነው። በቀረው ጊዜ ቤቱ ውስጥ እኔና ፍሪጁ ነበርን። ከሁለታችን ፍሪጁ ይሻል ነበር፤ እሱ ቢያንስ አልፎ አልፎ ድምፅ ያሰማል።

ሐሙስ ሲመጣ ግን ቤቱ ሌላ ነው። ክርክራቸው ከእነሱ ቀድሞ ደረጃውን ይወጣል። ሁለቱም የተማሩት ደቡብ ነው፣ ግን በተለያዩ ዩኒቨርሲቲዎች። የአንደኛዋ ሐይቅ ዳር ነው፤ የሌላኛዋ ተራራ ሥር፣ ሙዝ የሚበቅልበት ሙቀት አገር። ስለዚህ አንዷን የሐይቋ፣ ሌላዋን የተራራዋ ልበላቸው። የሐይቋ አካውንቲንግ ነው ያጠናችው፤ ረጅም ናት፣ ልብሷ ሁልጊዜ የተተኮሰ፣ ሽቶዋ ከሷ በኋላ ደረጃው ላይ የሚቀር። የተራራዋ የመስኖ መሐንዲስ ናት፤ አጭር፣ ፈጣን፣ ክረምት ከበጋ ነጠላ ጫማ የምታደርግ። ቤታችን ውስጥ አንድ ሶፋ ብቻ ስለነበር ሁለቱ የሚጣሉት ጎን ለጎን ተቀምጠው ነው።

«እኛ ጋ ሰው አምሮበት ነው የሚማረው» ትላለች የሐይቋ። «አመሻሽ ላይ ለባብሰን ሐይቅ ዳር ወጣ እንላለን። ፎቶ እንነሳለን።»

«ፎቶግራፍ ነው እንዴ ያጠናሽው? እኛ ጋ ልጁ በነጠላ ጫማ ፈተና ይገባል፣ ኤ ይዞ ይወጣል።»

«ሙቀቱ ነዋ። ጫማ ብታደርጉ እግራችሁ ይቀቀላል።»

በሐይቋ ግቢ አዲስ የገባ ተማሪ፣ ፍሬሽ የሚሉት ማለት ነው፣ ከነባሮቹ መካከል እናትና አባት ይመደቡለታል። እናትየዋ ፀጉር ትሠራለች፣ ፈተና ሲደርስ ቆሎ ታመጣለች፣ ካፌ ውስጥ ከማን ጋር እንደተቀመጥሽ ትጠይቃለች። በተራራዋ ግቢ እናት የሚባል ነገር የለም፤ ዶርሙ በሙሉ አንድ ነው። ሳጥን አይቆለፍም፣ ከቤት የተላከ በሶ የሁሉም ነው። ለዶርሙ አንድ ጥሩ ቀሚስ ነበራቸው፤ ቀጠሮ ያላት ትለብሰዋለች።

«እናት ስላልነበራችሁ ነው እንዲህ ስድ ሆናችሁ የቀራችሁ» ትላለች የሐይቋ።

«የአንቺ እናት በሃያ ዓመቷ አምስት ልጅ ነበራት። ጨዋነት ማለት ይሄ ነው?»

ከሁሉም የሚገርመኝ የማን ግቢ ይብስ እንደነበር ሲወዳደሩ ነው። የሐይቋ ሽሯቸው በጣም ከመቅጠኑ የተነሳ ፊት ያሳይ እንደነበር በኩራት ታወራለች። የተራራዋ ዝንጀሮ በመስኮት ገብቶ በሷቸውን ከነጣሳው ይዞ እንደሄደ ትመልሳለች። የሐይቋ ደግሞ አባ ኮዳ የሚባለው መላጣ ትልቅ ወፍ በምሳ ሰዓት ካፌው በር ላይ እንደ ዘበኛ ቆሞ መታወቂያ የሚጠይቅ ይመስል እንደነበር ትጨምራለች። «ወፍ ነው» ትላታለች የተራራዋ። «ዝንጀሮ እጅ አለው።» ከዚያ የሐይቋ ወደ ሽሯቸው ትመለሳለች።

እኔን የጠየቁኝ በመጀመሪያው ሐሙስ ነበር። «አንቺስ፣ የት ግቢ ነሽ?»

«አዲስ አበባ ነው የተማርኩት። ቤቴ እያደርኩ።»

መርዶ የሰሙ ያህል ተያዩ። የሐይቋ ጉልበቴን ነካ አድርጋ «አይዞሽ» አለችኝ። የተራራዋ ግን አላባበለችኝም። «ዲግሪ አለሽ፣ ግቢ ግን አልገባሽም። ሁለቱ ይለያያሉ» አለች።

እውነቷን ነበር። እኔ ከክፍል ወጥቼ ታክሲ ይዤ እናቴ ዘንድ የገባሁ ልጅ ነኝ። ከሰው ጋር መኖር አልተማርኩም፤ ሰው መሃል ስሆን እጄን የማደርግበት ይጠፋኛል። ስለዚህ ሁለቱ ተመካክረው በዚያው ቀን ፍሬሽ አደረጉኝና እያንዳንዳቸው በየግቢያቸው ወግ ያሳድጉኝ ጀመር። የሐይቋ እናትሽ ነኝ ብላ እሁድ እሁድ ፀጉሬን ትሠራለች፤ ዩኒቨርሲቲ ከማን ጋር ምሳ እንደበላሁ ትጠይቃለች። ብቻዬን ነው ስላት ጎትታ ትሠራኛለች። የተራራዋ ሻንጣዬን ሳታስፈቅድ ከፍታ ሹራቤን ለብሳ ትሄዳለች፤ በምትኩ የራሷን ትተውልኛለች፣ እጅጌው አጭር፣ የምትጠብቃቸው ሲኞራ ቤት ሳሙና የሚሸት። ሁለቱንም ሲኒየር ብዬ እንድጠራ ታዘዝኩ። ጨው አቀብሉኝ ለማለት የምፈራ ልጅ፣ «ፍሬሽ፣ ጨው አምጪ» ስባል ደስ ይለኝ ነበር። ሮም ከገባሁ ጀምሮ የእኛ ናት ያለኝ ሰው አልነበረምና።

በየዓመቱ ነሐሴ ላይ አንድ እሁድ የሁለቱ ግቢ ልጆች፣ ሮም ያሉት በሙሉ፣ ኦስቲያ ባሕር ዳር ተገናኝተው ገመድ ይጓተታሉ። የተሸነፈ ወገን ድስት ያጥባል። ይሄ ቀላሉ ነው። ከባዱ፣ እስከሚቀጥለው ነሐሴ ድረስ ፍሬሽ ይባላል። እኔ የመጣሁት የሐይቆቹ በተሸነፉበት ዓመት ነበርና የተራራዋ ያችን የመሰለች ሴት በስልክም፣ በቤተ ክርስቲያን ግቢም፣ በአሠሪዋ ፊትም ፍሬሽ ስትላት ከርማለች። «ፍሬሽ፣ እንደምን አደርሽ» ስትላት የሐይቋ ጥርሷን ነክሳ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሲኒየር» ትላለች። ደንብ ደንብ ነው።

ብዙ ጊዜ የሚዳኙት እዚህ ለዶክትሬት የሚማሩ አንድ አባ ነበሩ። በዚያ ዓመት ግን ለሱባኤ ወደ ገዳም ሄደዋል። «እሳቸው ከሌሉ ማን ይዳኝ?» አለች የሐይቋ። ከዚያ ሁለቱም ዞረው አዩኝ። ግቢ ያልገባሁ ስለሆንኩ ገለልተኛ እኔ ብቻ ነኝ ተባለ።

ገለልተኛነቴ አንድ ሳምንት አልቆየም። የሐይቋ ፀጉሬን ስትሠራ «መቼም ልጅ ሆነሽ እናትሽን አታሳፍሪም» አለችኝ። የተራራዋ ከሳህኔ እየበላች «እኔ ምንም አልልሽም። ዶርም አንድ መሆኑን ብቻ አትርሺ» አለች። ለአንዷ ብፈርድ ሌላዋን አጣለሁ ብዬ ፈራሁ። እኔ ያሉኝ እነሱ ነበሩ።

ኦስቲያ ያን ቀን አሸዋው እግር ያቃጥላል፤ አየሩ የፀሐይ ቅባትና የተጠበሰ ዓሣ ይሸታል። ገመዱ መሃል ላይ ቀይ መሐረብ ታሰረ፣ የተራራዋ በነጠላ ጫማዋ አሸዋው ላይ መስመር አሰመረች፣ እኔ አንገት ላይ ፊሽካ ተንጠለጠለ። ነፋሁና ጀመሩ። ጣልያኖቹ ከዣንጥላቸው ሥር ቀና ብለው ያዩናል። መሐረቡ ቀስ እያለ ወደ ሐይቆቹ መሄድ ጀመረ። የሐይቋ ያ ሁሉ መተኮስ ቀርቶባት፣ ፀጉሯ ተበትኖ፣ ተረከዟን አሸዋው ውስጥ ቀብራ ትጎትታለች። የተራራዎቹ ተጎትተው መስመሩን ሊያልፉ ትንሽ ሲቀራቸው ከወዲያ በኩል ፊሽካ ጮኸ። የባሕር ጠባቂው ነበር፤ ራቅ ብሎ የገባ ልጅ ለመመለስ ነው። የሐይቋ ግን እኔ የነፋሁ መስሏት ደንብ አክባሪ ናትና ገመዱን ለቅቃ ሁለት እጇን አነሳች። ወገኖቿም ተከትለው ለቀቁ። የተራራዎቹ እንዳለ ወደ ኋላቸው ወደቁ፤ የአንድ ሽማግሌ ዣንጥላና ግማሽ ሐብሐብ አብሯቸው ሄደ።

«አሸንፈናል» አለች የተራራዋ እዚያው እንደተጋደመች።

«ፊሽካ ተነፍቷል» አለች የሐይቋ።

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። አንድ ነገር ተናገርኩ።

«ጮክ በይ» አለኝ አንዱ። ዛሬም ቢሮ ስብሰባ ላይ ጮክ በይ ስባል እግሬ ሥር አሸዋው ያቃጥለኛል።

«ውሳኔዬን ሐሙስ እነግራችኋለሁ» አልኩ።

አንዱ የተራራ ልጅ «ኩዌስቱራ ናት እንዴ፣ እንደ መኖሪያ ፈቃድ በቀጠሮ?» አለ። ሌላው «ፎቶና የማርካ ዳ ቦሎ ቴምብር ይዘን እንምጣ?» ሲል ሳቁ ባሕሩ ድረስ ተሰማ። ድስቱን በዚያ ቀን አብረው አጠቡት። ስንመለስ ባቡሩ ውስጥ ግራና ቀኜ ተቀምጠው ተኳረፉ፤ ብዙም ሳይቆዩ ሁለቱም ትከሻዬ ላይ እንቅልፍ ወሰዳቸው። እስከ ሮም ድረስ አልተንቀሳቀስኩም።

ሳምንቱን ሙሉ የማስበው የመመረቂያ ጽሑፌን ሳይሆን ገመዱን ነበር። ይመሩ የነበሩት ሐይቆቹ ናቸው፤ የለቀቁትም እነሱ ናቸው። ሐሙስ ደረሰና የተራራዋ ከወትሮው ቀድማ፣ ብቻዋን መጣች። ደረጃው ላይ ድምፅ አልነበራትም። ሲኞራዋን ልጃቸው ወደ ቦሎኛ ልትወስዳቸው ነው፤ እሷም አብራ ትሄዳለች። «ፔርሜሶዬ፣ መኖሪያ ፈቃዴ፣ የተያያዘው በዚህ ሥራ ነው። ምን አደርጋለሁ» አለችና ልብሷን እየጠቀለለች ቦርሳ ውስጥ ትከት ጀመር።

ቆይታ ቀና ሳትል «ውሳኔውስ?» አለችኝ።

«አልጨረስኩም።»

«ለእሷ ስጪያት። ዓመቱን ሙሉ ፍሬሽ ስላት ከረምኩ፣ ይብቃት።» ዚፑ አልዘጋ ብሏት ትንሽ ታገለችው። «ቦሎኛ ፍሬሽ የምለው ሰው የለኝ። የሚለኝም የለ።»

የሐይቋ መጥታ ነገሩን ስትሰማ «ቫ ቤኔ፣ እሺ» ብቻ ብላ ወጥ ቤት ገባች። ውኃው ለረጅም ጊዜ ሲፈስ ሰማን። ከዚያ ወጥታ የታሸገውን ቦርሳ ፈታችና በዕድሜ ዘመናቸው ካውያ ነክቷቸው የማያውቁትን የተራራዋን ልብሶች አንድ በአንድ ተኩሳ መልሳ አጠፈቻቸው።

«እንዲህ ለብሼ ብሄድ የሐይቅ ልጅ ይሉኛል» አለች የተራራዋ።

«አይሉሽም» አለች የሐይቋ። «ስትናገሪ ይለዩሻል።»

በሚቀጥለው ሐሙስ የሐይቋ ብቻዋን መጣች። ደረጃው ላይ ሽቶዋ እንጂ ድምፅዋ አልቀደማትም። ሶፋው ባዶ ሆኖ ሳለ የራሷ ጥግ ላይ ተሰብስባ ተቀመጠች። ሻይ አፈላሁላት። መስኮቱ ክፍት ነበር፤ ከታች የትራም ድምፅ ይመጣል።

«እና፣ ማን አሸነፈ?» አለች፣ ስለ አየር ሁኔታ እንደሚጠይቅ ሰው።

እንደታዘዝኩት አንቺ ነሽ ልላት ነበር። ቃሉ አፌ ላይ ደርሷል። ፊቷን ሳየው ግን ማሸነፍ ምንም እንደማያደርግላት ገባኝ። ብታሸንፍ ነገሩ በዚያው ያልቃል፤ ሻይዋን ጠጥታ ወደ አሮጊቷ ትመለሳለች።

«ገመዱን የለቀቅሽው አንቺ ነሽ» አልኳት። «ፊሽካውን እኔ አልነፋሁም። ተሸንፋችኋል።»

ብርጭቆዋን አስቀመጠች። ጆሮዬ ሲግል ይታወቀኛል።

«ስኳሩን አቀብዪኝ፣ ፍሬሽ» አልኩ።

«ማንን ነው?» አለች።

«አንቺን።»

«ግቢ ያልገባሽ ልጅ እኔን?»

«ገብቻለሁ። የተራራው ነኝ።»

«ለመሆኑ ተራራው በየት በኩል ነው?»

«ከመኝታዬ ፊት ለፊት» አልኩ። ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም።

ከንፈሯን ነክሳ ሳቋን ለመያዝ ሞከረች። ከዚያ ጫማዋን አወለቀች፣ እግሯን አጥፋ ሶፋው መሃል ገባችና «አሎራ፣ እንግዲህ አንቺ ስሚኝ» ብላ ጀመረች። ስለ ተራራ ልጆች ያላትን ሁሉ አወረደችብኝ። የምመልሰው ሲያልቅብኝ ፈጠርኩ፤ ስፈጥር ያዘችኝ። የምትሄድበት ሰዓት ደርሶ ጫማዋን ስታስር ገና እየተከራከረች ነበር። በሩ ላይ ዞር ብላ «እሁድ እመጣለሁ፤ አጥንተሽ ጠብቂኝ። እንዲህ ባዶሽን አትከራከሪኝም» አለችኝ።

ቦሎኛ ደወልኩ። ሲኞራዋ ጋደም ብለው ስለነበር የተራራዋ በሹክሹክታ ነበር የምታወራው።

«ሲኒየር» አልኳት፣ «እሁድ ክርክር አለብኝ። ስለ ግቢያችን የማላውቀው ብዙ ነገር ነው።»

«ስለ ግቢያችን?» አለች።

አፍንጫዋን ስትስብ፣ ከዚያ በሩን ቀስ ብላ ስትዘጋና ወንበር ስትጎትት ሰማሁ።

«ቁጭ በይ» አለችኝ። «ረጅም ነው።»