ኺትም ያልኩት ቀለበት

ቀለበት በዓረብኛ ምን እንደሚባል አላውቅም ነበር። ቀኝ እጄ የተሰበረችው በዚህ ነው።

ሱዳን፣ ገዳሪፍ ገበያ ውስጥ የሱቅ ሰሌዳ እየጻፍኩ ነው የኖርኩት። ሌላ ሙያ የለኝም፤ ይህች እጅ ከሠራች እበላለሁ፣ ካልሠራች ጦሜን አድራለሁ። አንድ ቀን ከኡም ራኩባ የስደተኞች ካምፕ አንድ የሩጫ አሰልጣኝ መጣ። እሱ ከትግራይ፣ እኔ ከጎንደር፤ አገራችን ብንሆን ሰላምታም ላንለዋወጥ እንችል ነበር። እዚህ ግን ሻይ አብረን ጠጣን።

"ወንድሜ፣ በአሥር ካናቴራ ጀርባ ላይ ያንን የኦሊምፒክ ምልክት ሳልልኝ" አለኝ። "ልጆቹ ከእርዳታ ሰልፍ ሌላ ሰልፍ ይዩ።"

ያለኝ ቀለም ሰማያዊ ብቻ ነበር። አምስቱንም ቀለበት በሰማያዊ፣ አንዱን ከአንዱ አጠላልፌ ሳልኩ። አማረልኝ። ጉድ የሠራኝም ማማሩ ነው።

ካናቴራዎቹን ይዤ ወደ ካምፑ ስሄድ ኬላ ላይ ከመኪና አስወረዱን። ሱዳኖች እርስ በርስ መዋጋት ከጀመሩ ወዲህ ባዕድ የሆነ ሁሉ ጃሱስ ነው፣ ሰላይ። አንዱ ወታደር ካናቴራ ዘርግቶ "ደ ሽኑ?" አለኝ፤ ይህ ምንድን ነው ማለቱ ነው። እኔም ዓረብኛ እንደጠገበ ሰው ደረቴን ነፍቼ "ኸምሳ ኺትም!" አልኩት፤ አምስት ቀለበት ማለቴ ነበር።

ቀለበት ኻቲም ነው። ኺትም ማኅተም ነው። ለማንም ቀለበት ገዝቼ አላውቅም፤ ማኅተም ግን በየቢሮው ደጅ እየለመንኩ ኖሬአለሁ፤ ጆሮዬ የያዘው እሱን ነው። የመንግሥት ማኅተም ደግሞ ክብ ነው፣ ቀለሙም ሰማያዊ።

የመጀመሪያው ሰደፍ ሁለት ጥርሴን አራገፈ። ማኅተም አስመሳይ እያሉ አቧራው ላይ ጎተቱኝ፣ ጎኔን በጫማ ረገጡኝ። "በየትኛዋ እጅህ ነው የሠራኸው?" አለኝ ያው ወታደር። እኔ ጅሉ፣ እውነት ያድነኛል ብዬ ቀኟን ዘረጋሁ። ድንጋይ ላይ አስቀምጦ በሰደፍ ወቀጣት። ስትሰበር ሰማኋት። እናቴንም እግዜርንም አልጠራሁም፤ "እጄን! እጄን!" ብቻ ነበር የምለው። ምላስ አጥንት የለውም፣ አጥንት ግን ይሰብራል ይባላል፤ የራሴ ምላስ የራሴን ሲሰብር አመንኩ። ያንን ወታደር ዛሬም እጠላዋለሁ። ይቅር በለው የሚለኝንም ሰው አልወድም።

ከኬላው ወስደው ጣቢያ አሰሩኝ። በማግሥቱ ለሌላ ጉዳይ ወደ ጣቢያው የመጣ አንድ ሽማግሌ ጠበቃ ካናቴራውን አይቶ ሳቀ።

"ይህ ማኅተም አይደለም፣ የኦሊምፒክ ምልክት ነው" አለው ለጣቢያው መኮንን። "አምስት የተጠላለፉ ቀለበቶች። በአምስት ቀለም ተሳለ በአንድ፣ ያው ነው። ዓለም አቀፍ ውል ይጠብቀዋል፤ ያለ ፈቃድ ማንም አይነግድበትም።"

ይጠብቀዋል ሲል እጄ እንደ ዳቦ አብጣ ጭኔ ላይ ተኝታለች። ለክቦቹ አገሮች ተሰብስበው ውል ተፈራርመውላቸዋል። ሳቄ መጣ፤ ከሳቄ ጋር ደም ተፋሁ።

"ታዲያ ይህም ያስከስሰዋላ?" አለ መኮንኑ።

"ቢያስከስስ እንኳ ከሳሹ ባለቤቱ ነው እንጂ ኬላ አይደለም" አለ ጠበቃው። ወደ እኔ ዞሮ "ሁለተኛ ለያይተህ ሳል። ካልተጠላለፉ ምልክቱ አይደለም፤ ማንም አይነካህም" አለኝ። ለቀቁኝ። ካናቴራዎቹን አስቀሯቸው።

አጥንቱ ተጣምሞ ገጠመ። ከወራት በኋላ አሰልጣኙ አንዲት ነጭ ካናቴራ ይዞ መጣ። እጄን ሲያይ ሥራው ይቅርብህ ሊለኝ ፈልጎ ነበር፣ እኔ ነኝ እምቢ ያልኩት። ብሩሹን በጨርቅ ከእጄ ጋር አሰረልኝና ጀመርኩ። አምስት ክብ ሞከርኩ፤ አምስቱም አፋቸው ሳይገጥም ቀረ፣ አንዱም ሌላው ዘንድ አልደረሰም።

አሰልጣኙ ብዙ አያቸው። "ወንድሜ፣ ምን ሆኑ?" አለኝ ቀስ ብሎ።

"ሕጋዊ ናቸው" አልኩትና ብሩሹን በግራ እጄ ከቀኜ ፈታሁት።