በስሜ የተጻፈው አልቅት

ይህን ለሰው ተናግሬው አላውቅም። ለሚስቴ አልነገርሁም። ለንስሐ አባቴም ሌላ ሌላውን ኃጢአቴን እየዘረዘርሁ እሱን ብቻ እየዘለልሁ ኖሬአለሁ። አንተ አንባቢ፣ ፊትህን አላየውምና ላንተ መናገር ይቀለኛል። ስማኝ እንግዲህ፤ እስክጨርስ ድረስ ግን "አይዞህ" እንዳትለኝ።

የአልቅቱን ታሪክ ራሱን ግን ስንት ጊዜ ተናግሬዋለሁ! በየስብሰባው፣ በየግብዣው፣ ለተማሪ ሐኪሞች ሁሉ። ሳወራው ደግሞ አቤት ሲያምርብኝ! "ዶክተር፣ እስቲ ያችን የመሪጌታውን ይንገሩን" ይሉኛል፤ እኔም ደረቴን ነፍቼ እጀምራለሁ። ሰው ይስቃል፣ ያጨበጭባል። ከታሪኩ የምቀንሳት አንዲት ነገር ብቻ ናት። አልቅቱን ያወጣሁት እኔ አይደለሁም። ያወጡትን ሴት ከሥራ ቦታቸው ያስነሣኋቸው ግን እኔ ነኝ።

ዘመኑ የደርግ ነው። ከሕክምና ትምህርት ቤት በወጣሁ በዓመቱ ባሕር ዳር ተመድቤ እሠራ ነበር። የደብረ ማርቆስ ልጅ ነኝ፤ አባቴ የቢሮ ጸሐፊ ነበርና ከብት ጠብቄ አላውቅም፤ ውሃ ሲጠጣ እንኳ ያየሁት ከሩቅ ነው። ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር። ነጭ ጋዋኔን ለብሼ በኮሪደሩ ሳልፍ የሆስፒታሉ ግድግዳ ሁሉ "እጅ ነሣን" የሚለኝ ይመስለኝ ነበር።

መሪጌታ ጥበቡ የመጡት በሁዳዴ እኩሌታ ነው፤ ከሐይቁ ማዶ፣ በታንኳ። የድጓ መምህር ናቸው። ሲያዜሙ ድምፃቸው ከደብሩ አልፎ ዓሣ አጥማጆቹ ጋ ይደርስ ነበር አሉ። እኔ ፊት ሲቀርቡ ግን ድምፃቸው ጎርንኗል፤ የነጠላቸው ጫፍ በደም ተነክሯል። ሲያስሉ ደም፣ ሲተፉ ደም። ደም የሚተፋ፣ የከሳ፣ ድምፁ የተዘጋ ሰው ምን ይሆናል? ሳንባ ነቀርሳ፤ ለዚያውም ወደ ጉሮሮ የወጣ። አለቀ! አክታቸው ሦስት ጊዜ ተመርምሮ ምንም አልተገኘበትም። እኔ የጠረጠርሁት ምርመራውን ነው እንጂ ራሴን አልነበረም። የራጅ ማሽኑም ተበላሽቶ ነበር፤ ያለ ራጅ ደፍሬ ፈረምሁ። ለምን ከሱ ብዬ እንኳ አልጠየቅሁም። ሁዳዴን እየጾመ ሌሊቱን በማኅሌት የሚቆም ሰው ይወፍራል እንዴ?

በየቀኑ መርፌ፣ ለብቻ ክፍል አዘዝሁላቸው። ደቀ መዛሙርታቸው እንዲበተኑ፣ እሳቸውም ዜማ የሚባል ነገር እንዳያወጡ ቆርጬ ነገርኋቸው።

"እስከ መቼ ልጄ?" አሉኝ በዚያ በጎረነነ ድምፅ።

"ምናልባት እስከ መጨረሻው" አልኋቸው።

መሪጌታ አላለቀሱም። እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አደረጉ። ሠላሳ ዓመት የኖሩበትን ድምፅና ጉባኤ በአንድ ፊርማ ወሰድሁባቸው፤ ወጥቼም ምሳዬን በላሁ።

ዛሬ ወጣት ሐኪሞች ገና በሽተኛው ሳይቀመጥ "ራጅ ተነሥተህ ና" ሲሉት እናደዳለሁ። "መጀመሪያ ጠይቁት! ምን ይበላል? ውሃ ከየት ይቀዳል? ከምን ጋር ያድራል?" እያልሁ እጮህባቸዋለሁ። ማሽኑ ጥሩ ነው፤ ቢኖረን ኖሮ ያን ጊዜም በወደድሁ። ነገር ግን ማሽን የማይጠይቀው ጥያቄ አለ። ይህን ሁሉ የምሰብከው እኔ ያን ቀን ስንት ጥያቄ ጠየቅሁ? አንድም።

የጠየቁት ወይዘሮ ይመኙሻል ናቸው። ድሬሰር ነበሩ፤ ቁስል የሚያጥቡ፣ መርፌ የሚወጉ፣ የዘንዘልማ ገበሬ ልጅ። በዕድሜ ከእናቴ አያንሱም። እኔ ግን "አንቺ" ነበር የምላቸው። እሳቸው "ዶክተር፣ እርስዎ" ይሉኛል፤ እኔ "አንቺ ነይ፣ አንቺ ሂጂ"። ዛሬ አንቱ ማለቴ የት ይደርስላቸዋል?

አንድ ጠዋት ሠራተኛው በተሰበሰበበት ቀረብ አሉና "ዶክተር፣ መሪጌታን ጠይቄያቸው ነበር። በመንገድ ሲደክማቸው ከምንጭ ተደፍተው ነው የሚጠጡት። አልቅት እንዳይሆን" አሉኝ።

"የት ነው ያለው አልቅቱ?"

"ከላንቃቸው ኋላ ይሆናላ። አባቴ በቅሎዎቹን ሲይዛቸው ያወጣው ነበር። ቀን ሙሉ ውሃ እንነሳቸውና..."

"ይመኙሻል! ይሄ የሰው ሆስፒታል ነው። የበቅሎ መስሎሽ ከሆነ በሩ ያውልሽ!"

ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም በቀልዴ ኮራሁ። እሳቸው "እሺ ዶክተር" አሉና የመርፌ ሳህናቸውን አንሥተው ሄዱ።

በሳምንቱ ለስብሰባ ወጥቼ እኩለ ቀን ላይ ስመለስ ግቢው በሰው ተሞልቷል። አስታማሚው፣ የወጥ ቤት ሠራተኛው፣ ዘበኛው ሳይቀር በሩን ትቶ መጥቷል። ከሰው ጀርባ ቆሜ ተመለከትሁ። መሪጌታ ፀሐዩ ላይ በርጩማ ተቀምጠው፣ አፋቸውን ከፍተው፣ ቀዝቃዛ ውሃ የሞላ ጎድጓዳ ሳህን ላይ አጎንብሰዋል። ከትናንት ጀምሮ ጠብታ ውሃ አልቀመሱም። ለእሳቸው ይሄ ምንም አይደል፤ መጾም ያውቁበታል። አልቅቱ ግን ጾም አያውቅም! እትዬ ይመኙሻል ፊታቸው ተንበርክከው፣ ጨው የነሰነሱበትን ፋሻ በጣታቸው ላይ ጠምጥመው ይጠብቃሉ።

ጥቁር ነገር ከላንቃቸው ኋላ ብቅ አለ። ተመለሰ። ደግሞ ብቅ አለ፤ ተሳበ፣ ወደ ውሃው ረዘመ። እትዬ ይመኙሻል አልቸኮሉም። "ትንሽ ይታገሡ፣ ትንሽ" እያሉ፣ ሙሉ በሙሉ እስኪመዘዝ ጠብቀው ለቀም አደረጉት። ጨው ሲነካው ለቀቀ። ወጣ! የአውራ ጣቴን የሚያህል፣ ደም ጠግቦ የተነፋ አልቅት ሳህኑ ውስጥ ይገላበጥ ጀመር።

እልልታው! ግቢው ቀለጠ። መሪጌታ ተጉመጠመጡና ደም ተፉ፤ ሁለተኛ ተፉ፤ ሦስተኛው ንጹሕ ውሃ ነበር። ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። አንዲት የዜማ ሐረግ ዝቅ አድርገው ጀመሩ። ድምፁ ተሰባብሮ ወጣ፤ ግን ወጣ! ሰውዬው አዜሙ! ሴቶቹ እንደገና እልል አሉ። እኔ ራሴ እንባዬ መጣ። እውነቴን ነው የምልህ፣ በሕይወቴ እንደዚያ ቀን የሕክምናን ድል አይቼ አላውቅም። ያን ጊዜ ወደ ፊት ወጥቼ እነዚያን እጆች ብስም ኖሮ ዛሬ ይህን ሁሉ አልጽፍም ነበር።

ምን አደረግሁ? ሰዉን ገፍቼ ገባሁና "በማን ትእዛዝ ነው ይሄ?" አልሁ።

እልልታው ቆመ። አልቅቱን አንሥቼ አልኮል ያለበት ጠርሙስ ውስጥ ከተትሁት። ጠርሙሱ ላይም የራሴን ስም ጻፍሁ።

በዚያው ሳምንት የሠራተኛው ውይይት ነበረ፤ ያው በዘመኑ ደንብ ሂስና ግለ ሂስ የሚደረግበት። ሰብሳቢው ካድሬ እትዬ ይመኙሻልን አስነሣቸው። የሐኪም ትእዛዝ ጥሰዋል፣ በሕዝብ ሆስፒታል ውስጥ ኋላ ቀር ልማድ አስፋፍተዋል ተባለ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረና "ጓድ ዶክተር፣ አዘዋል ወይስ አላዘዙም?" አለኝ።

እሳቸው ቀና ብለው አዩኝ። አልተለማመጡኝም፤ አዩኝ ብቻ። "ተሳስቼ ነበር፤ ያዳነቻቸው እሷ ናት" ብል ነገሩ እዚያው ያበቃ ነበር። ማን ይነካኝ ነበር? ወጣት ሐኪም፣ ለዚያውም ሐኪም በጠፋበት አገር! ከኩራቴ በቀር የሚቀርብኝ ነገር አልነበረም።

"አላዘዝሁም" አልሁ።

አየህ፣ እውነት ነው። አላዘዝሁም። ከእውነቱ ሁሉ መርጬ ያችን ብቻ ተናገርሁ።

እሳቸውን ግለ ሂስ አድርጊ አሏቸው። ቆሙ፣ ነጠላቸውን አስተካከሉ። "ሰውዬው ድነዋል። ሌላ የምለው የለኝም" አሉና ተቀመጡ። ካድሬው ወረቀቱን አገላበጠ። በወሩ ከሐሙሲት ወደ ሐይቁ ወረድ ብላ ወዳለች አንዲት ትንሽ ክሊኒክ ተዛወሩ።

ይሄ አልበቃኝም። ዐይኔን በጨው አጥቤ ለበላይ መሥሪያ ቤት ሪፖርት ጻፍሁ። "በሐኪሙ ጥርጣሬና ትእዛዝ መሠረት አልቅቱ እንዲወጣ ተደርጓል" አልሁ። በስብሰባው አላዘዝሁም ያልሁ ሰው፣ በሪፖርቱ አዝዣለሁ አልሁ! እሳቸውን ለማስቀጣት አላዘዝሁም፣ እኔ ለመሸለም አዘዝሁ። በአንድ ወር ውስጥ፣ በአንድ አፍ። ሪፖርቱ ተወደደ፤ አዲስ አበባ ሄጄ አነበብሁት፤ ተጨበጨበልኝ፤ ለስፔሻሊቲ ወደ ውጭ አገር የተላክሁትም በእሱ ነው። ይህን የምታነብ ሰው፣ ሌባ የሚባለው ሌላ ምን ያደረገ ነው?

ከአምስት ዓመት በኋላ ተምሬ ተመለስሁ። ያኔም ያው ደርግ ነበር። አንድ ቅዳሜ በጎንደር አውቶቡስ ሐሙሲት ወረድሁና ወደ ክሊኒኳ በእግሬ ሄድሁ። ይቅርታ ልጠይቅ ነበር፤ ቃሉን በመንገድ ሙሉ ስለማመድ ነበር። ስደርስ ወረፋው ከአጥሩ ወጥቶ እስከ መንገዱ ተዘርግቷል። ከሐይቁ ማዶ በታንኳ የመጣ ሳይቀር አለ። ሕፃን ያዘለች አንዲት ሴት አጠገብ ተቀመጥሁና፣ ከተማው ሐኪም ሞልቶ ሳለ ይሄ ሁሉ ሰው ለምን እዚህ ይመጣል ብዬ ጠየቅኋት።

"ምነው ጌታው፣ አልሰሙም እንዴ? መሪጌታ ጥበቡን ያዳነቻቸው እኮ እሷ ናት! የትንሣኤ ለት መሪጌታ ራሳቸው ቆመው ለሕዝቡ ተናገሩ፤ 'በእግዜር ቸርነት፣ በይመኙሻል እጅ ዳንሁ' አሉ። ከተማ አንድ ዶክተር ነኝ ባይ ነበረ አሉ፤ ሳንባ ነው ብሎ ጉድጓድ ሊያስቆፍርላቸው! አልቅትና ሳንባ የማይለይ!"

ወረፋው በሙሉ ሳቀ። ወሬውን ለካ ሁሉም ያውቁታል። እኔም ሳቅሁ፤ ምን ላድርግ?

"ጉባኤያቸውስ?" አልኋት።

"ሞልቷላ! ከጎንደር ድረስ እየመጡ ይማሩባቸዋል።"

አቤት ያኔ የተሰማኝ! አፈርሁ፤ ከማፈሬ ይልቅ ግን ደስታዬ በለጠ። በሐይቁ ዳር በሙሉ እውነቱ ከነስሙ በሕይወት ነበር። የኔ ሪፖርት፣ የኔ ጭብጨባ፣ የካድሬው ውሳኔ አንዲት ባልቴት እንኳ ማሳመን አልቻለም! እሳቸውን ከከተማ አስወጣኋቸው፤ አገሩ ተከትሏቸው ሄደ። ተሸንፌ እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

እትዬ ይመኙሻል የሚቀጥለውን በሽተኛ ሊጠሩ ብቅ ሲሉ አዩኝ። ፊታቸው አልተለወጠም።

"ዶክተር፣ እንኳን ደኅና መጡ። ተራዎን ይጠብቁ።"

ሕፃን ያዘለችው ሴት "ዶክተር" የሚለውን ስትሰማ አፏን በነጠላዋ ያዘች። እኔ ተራዬን ጠበቅሁ፤ ሁለት ሰዓት ሙሉ። ስገባ ነጭ ጋዋን ለብሰው መነጽር አድርገዋል፤ ብዕራቸውን አንሥተው በመዝገቡ ላይ አዘጋጁ።

"ምንዎን ነው የሚያምዎ?"

በመንገድ ያዘጋጀሁት ቃል ሁሉ ጠፋኝ። "ራሴን" አልሁ።

ጻፉት። ብዕሩን ግን አላስቀመጡም። በመነጽራቸው በላይ ትክ ብለው አዩኝ፤ ያን ቀን በስብሰባው እንዳዩኝ።

"ሌላስ?"

"ሌላ የለም።"

የራስ ምታት ክኒን ቆጥረው በወረቀት ጠቀለሉልኝና የሚቀጥለውን ሰው ጠሩ። አመስግኜ ወጣሁ። አየኸኝ? በሩ ተከፍቶልኝ፣ ጥያቄው ቀርቦልኝ፣ ብዕሩ እየጠበቀኝ፣ ሁለተኛ ካድኋቸው።

ወጣት ነበርሁ አልልም። ዘመኑ ክፉ ነበር አልልም፤ በዚያው ዘመን፣ በዚያው አዳራሽ እሳቸውም ነበሩ። አሁን ጡረታ ወጥተው ባሕር ዳር ሹም አቦ ሰፈር ከልጃቸው ጋር ይኖራሉ፤ ሽማግሌው መሪጌታም በበዓል በበዓል እየመጡ ይጠይቋቸዋል አሉ። ነገ ጠዋት እሄዳለሁ። ይህን ወረቀት ቆሜ አነብላቸዋለሁ፤ ይማሩኝ አይማሩኝ የእሳቸው ፈንታ ነው።

ያን ቀን "ሌላስ?" ብለውኝ ነበር። ሌላ አለ፣ እትዬ ይመኙሻል። መሪጌታን ያዳኑት እርስዎ ነዎት። ስምዎን አጥፍቼ የራሴን የጻፍሁት እኔ ነኝ።