በቀይ ክር የታሰረው የጠፈር ወታደር

ባለፈው ወር ወልድያ፣ ወንድሜ ቤት ምሳ ተጠርቼ ሄድኩ። ከምሳ በኋላ የወንድሜ ልጅ ናሆም «አክስቴ፣ ነይማ አንድ ነገር ላሳይሽ» ብሎ ክፍሉ አስገባኝ። ዩኒቨርሲቲ ከገባ ወዲህ ፂም ቢጤ አብቅሏል። መጻሕፍቱ ወለል ላይ ተቆልለዋል፤ መደርደሪያውን የያዙት ግን አሻንጉሊቶች ናቸው። የጠፈር ወታደሮች፣ ሮቦቶች፣ ጭንቅላታቸው የሾለ የሌላ ዓለም ፍጡሮች። በስልኩ ከማያውቃቸው ሰዎች ጋር ሲከራከርባቸውና ሲለዋወጣቸው ይውላል አሉ። «ይኼን ኦሪጅናል ነው ብለውኛል፤ ምን ይመስልሻል?» ብሎ አንዱን ሰጠኝ።

ለቀልድ ነው የጠየቀኝ። እጄ ግን ሳላዘው አሻንጉሊቱን ገለበጠና ከእግሩ ሥር ያለውን ጽሑፍ ፈለገ። ቀጥሎ ትከሻውን አዞርኩ፤ አንገቱን ነካ ነካ አደረግሁ። የቀኝ ዳሌው ላይ ስደርስ አሻንጉሊቱን መልሼ ዘረጋሁለት። «ያዘው፤ እስቲ ውሃ ስጠኝ» አልኩት። ደንግጦ አየኝ። እሱ ከመወለዱ በፊት፣ እኔ ገና የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ፣ መርሳ ውስጥ የእነዚህ ነገሮች ገማች እኔ እንደነበርኩ ማንም አልነገረውም። በቤታችን ይኼ ወሬ አይነሳም።

ያኔ የምንኖረው መርሳ ነበር። ከወልድያ ወርዶ የሲሪንቃን የሙከራ ማሳዎች ያለፈ መንገደኛ ሙቀቱ ፊቱን ሲመታው መርሳ መድረሱን ያውቃል። የጭነት መኪኖች ቆመው ፓፓያና ብርቱካን የሚጭኑባት፣ ከመንገዱ ጀርባ የማሽላ ማሳ የሚጀምርባት ከተማ ናት። እናቴ ልብስ ሰፊ ነበረች። የስፌት መኪናዋን ያስቀመጠችው እትዬ ትርንጎ የምትባል የልባሽ ጨርቅ ነጋዴ በረንዳ ላይ ነው። ትርንጎ ትሸጣለች፤ እናቴ ደግሞ የተሸጠውን ታጠባለች፣ ታሳጥራለች።

እትዬ ትርንጎ ከአሰብ ተፈናቅላ የመጣች ሴት ነበረች። ዘመድ የላትም፣ ባል የላትም። በጠራራ ፀሐይ በረንዳዋ ላይ ቁጭ ብላ ሲጋራ ታጨሳለች። ሳቋ መንገድ ተሻግሮ ይሰማል። ክርስቲያን ናት ወይስ እስላም ብሎ የሚጠይቃት ሰው ሲመጣ «እኔ የባሕር ሰው ነኝ» ትለዋለች። ሰው ይስቅላታል፤ እቤቱ ሲገባ ግን የተናገረችውን አይረሳም። እኔ በጣም ነበር የምወዳት። ደፋር ሴት ማየት የጀመርኩት እሷን ሳይ ነው።

የልባሽ ጨርቁ እስር፣ እኛ ቦንዳ የምንለው፣ ሲፈታ ከሹራቡና ከካፖርቱ መሃል አንዳንዴ መጫወቻ ይወድቃል። ትርንጎ አንስታ ለእኔና ለጓደኛዬ ለሰይድ ትወረውርልናለች። የሚበዙት የጠፈር ሰዎች ነበሩ። ከየትኛው ፊልም እንደወጡ አናውቅም፤ ወልድያ ቪዲዮ ቤት አንዴ ገብተን ሰማይ ላይ ሲታኮሱ አይተናል፣ በቃ። ስለዚህ ስማቸውንም ሕጋቸውንም ያወጣነው ራሳችን ነን። ከእግሩ ሥር ጽሑፍ ያለው ከሌለው ይበልጣል። መገጣጠሚያው ሲታጠፍ ባለበት የሚቆም ሸጋ ነው፤ የሚዝለፈለፍ የወደቀ ነው። መሣሪያ መያዣ የእጅ ቀዳዳው ያልሰፋ እንደሆነ ክብር አለው። ሰይድ ይሰበስባል፣ እኔ እገምታለሁ። የሌላ ሰፈር ልጆች ሊለዋወጡ ሲመጡ «አስካል ትየው» ይባል ነበር፤ እኔም እንደ ዳኛ ኮራ ብዬ አይ ነበር።

የሰይድ ችግር ማስቀመጫ ነበር። አባቱ ደግ ሰው ናቸው፤ ልጃቸውን ተቆጥተው አያውቁም። ምስል ካለበት ቤት መላኢካ አይገባም ብለው ግን ያምናሉ። አሻንጉሊት ሲያገኙ በቢላዋ ጭንቅላቱን ቀስ አድርገው ይቆርጡና የቀረውን ለልጁ ይመልሱለታል። «ይኸው ልጄ፣ አሁን ተጫወትበት» ይሉታል፣ ራሱን እየዳበሱ። ጭንቅላት የሌለው የጠፈር ወታደር ምን ይደረጋል? ሰይድ ሁለቴ አልቅሶ ሲያበቃ ስብስቡን ከቤት አወጣው። እያንዳንዱን በቁራጭ ጨርቅ ጠቅልሎ፣ አቧራ እንዳይገባ በክር አስሮ፣ ከትምህርት ቤት መመለሻ ላይ ባለው የጎረቤታችን የእትዬ ዘምዘም የድንጋይ ካብ ውስጥ ይሸጉጠው ጀመር። ጨርቁን የሚያገኘው ከእናቴ እግር ሥር ነው፤ የትርንጎ ልብስ ቅዳጅ።

ከሁሉም የሚበልጥ አንድ ነበረን። ባለ መስታወቱ እንለዋለን። ፊት የለውም፤ ፊቱ ላይ የሚያብረቀርቅ ጥቁር መስታወት ብቻ ነው ያለው፤ ቀርበው ሲያዩት የራስን ፊት በትንሹ ያሳያል። ጽሑፉ አልጠፋ፣ ቀለሙ አልተላጠ። ቀኝ እግሩ ብቻ ከዳሌው ተነቅሏል። እኔ የልብስ ሰፊ ልጅ ነኝና መላ አላጣሁም። የተሰበረ መርፌ በዳሌው አሻግሬ እግሩን ሰካሁትና እንዳይወልቅ በእናቴ ቀይ ክር ጠምጥሜ ጠምጥሜ አሰርኩት። ቆመ። ሰይድ «ወላሂ ሸጋ አረግሽው!» ብሎ ሊያቅፈኝ ቃጣው።

የዚያን ዓመት ክረምት ክፉ ነበር። ዝናቡ ከመጠን አለፈ፤ የበቆሎው እሸት ሳይጠበስ አገዳው ላይ እንዳለ ሻገተ። ማታ ማታ ሳይሆን በቀን፣ ሰው እያየ፣ ጅብ መንገድ አቋረጠ ተባለ። ቀጥሎ የእትዬ ዘምዘም ትንሹ ልጅ ሁሴን አተኮሰው፤ ትኩሳቱ ሲለቀው ቀኝ እግሩ አልታዘዝ አለ። ጤና ጣቢያም ተወሰደ፣ ዱአም ተደረገለት። እናቱ አዝላው በበረንዳችን ስታልፍ እግሩ ይወዛወዛል። ሰዎች ከትርንጎ ጋር ሰላምታ ሲያሳጥሩ አየሁ። እናቴ «ሰዉ ምን ሆኗል?» ስትላት ትርንጎ «ዝናቡ ነው፤ ሲያባራ ይስቃሉ» አለቻት።

በነሐሴ አጋማሽ አንድ ረፋድ ላይ የዘምዘም ካብ በጎርፍ ተናደ። እሷ ድንጋዩን ስታነሳ ጥቅሉን አገኘች። አበባ ያለበት የትርንጎ ጨርቅ። ፈታችው። ፊት የሌለው ትንሽ ሰው፣ ቀኝ ዳሌው በመርፌ የተወጋ፣ ቀኝ እግሩ በቀይ ክር የታሰረ። ወደ መስታወቱ ስታጎነብስ የራሷን ፊት አየች መሰለኝ፤ ጩኸቷ እኛ በረንዳ ድረስ ተሰማ።

በማግስቱ አውጫጭኝ ተጠራ። በኛ አገር አድራጊው ያልታወቀ ክፉ ነገር ሲገኝ የሰፈሩ ሰው በሙሉ አንድ ቦታ ይቀመጣል፤ ነገሩ እስኪወጣ ድረስ ማንም አይነሳም። የተቀመጡት ወፍጮ ቤቱ ፊት ለፊት ነው። ክርስቲያኑም እስላሙም የሚያከብራቸው ሽማግሌ አባ ሙሄ መሃል ላይ ናቸው፤ ባለ መስታወቱ ፊታቸው ተጋድሟል። ትርንጎ ጥግ ላይ ብቻዋን ተቀምጣለች። ጎኗ ያለው ቦታ ሰፊ ነበር። ከዚህ ቦታ «መተተኛ» ተብላ ከተነሳች በመርሳ ቤት እንደማይኖራት፣ ምናልባትም ከዚያ የባሰ እንደሚመጣባት፣ ልጅ ብሆንም ገብቶኛል።

እናቴ ክር ልትገዛ ወልድያ ሄዳ ነበር። ሰይድ መጣና «ሁሉንም እንውሰድላቸው፤ መጫወቻ መሆኑን ሲያዩ ይስቃሉ» አለኝ። እውነትም ሌላ መንገድ አልታየኝም። ካልተናደው የካቡ ክፍል የቀሩትን ጥቅሎች አውጥተን በቅርጫት ይዘን ሄድን።

«ምንድነው ልጄ?» አሉኝ አባ ሙሄ።

«መጫወቻ ነው አባ ሙሄ። የሰይድና የኔ ነው። እርስዎ ዘንድ ያለው ደግሞ የጠፈር ወታደር ነው።»

«የምን ወታደር?»

«የጠፈር። ሰማይ ላይ የሚዋጋ።»

ያን ስል አንድ ነገር በሰዉ መሃል አለፈ። «ሰማይ ላይ የሚዋጋ አለች» አለ አንዱ። «ከማን ጋር?» አለች ከሴቶቹ አንዷ። ሰይድ ቸኩሎ ቅርጫቱን ገለበጠና ጥቅሎቹን ይፈታ ጀመር። እነዚያ ሰዎች የሚያውቁት አሻንጉሊት ከጨርቅ የተሰፋ፣ ሰው የሚመስል ነው። አሁን ፊታቸው ላይ የተደረደረው ባለ አንድ ዓይን፣ ባለ ቀንድ፣ አረንጓዴ፣ ግማሹ የተጠገነና በክር የተተበተበ ነበር። የመኪና ረዳት ሆኖ አገር ያየ አንድ ጎልማሳ «ኧረ የልጅ መጫወቻ ነው፤ እኔም አይቻለሁ» አለ። ማንም ዞር ብሎ አላየውም።

ቀስ በቀስ እየተነሱ ቀረቡ። አንሥተው ገለበጡ። መገጣጠሚያውን አዩ፣ የጎደለውን አዩ። እኔና ሰይድ እንደምናደርገው አደረጉ፤ ያንን ሳይ ነው ፍርሃቱ የገባኝ። «ይኼ እጅ የለውም» አለች እጁን ወፍጮ የበላበት ሰው ሚስት፣ በሹክሹክታ። አንድ ሽማግሌ ባለ አንድ ዓይኑን ይዘው የራሳቸውን የጠፋ ዓይን በመዳፋቸው ሸፈኑ። ሌላዋ አንገቱ የላላውን አንስታ ስለሞተ ልጇ ማውራት ጀመረች። አንድ መተት ነበር፤ እውነቱን በማምጣታችን በየቤቱ አንድ አንድ ደረሰ።

«ክሩን ማን አሰረው?» አሉ አባ ሙሄ።

«እኔ ነኝ።»

«ማን አሳየሽ?»

ማንም አላሳየኝም ልል ስል ሴቶቹ ልጆቻቸውን ወደ ኋላ ሲስቡ አየሁ። ከኔ ነው የሚያርቋቸው። እትዬ ዘምዘም ተነሥታ መጣች፤ ልትመታኝ መስሎኝ ዓይኔን ጨፈንኩ። እሷ ግን እግሬ ሥር ወድቃ ጉልበቴን አቀፈች። «ፍቺልኝ! የልጄን እግር ፍቺልኝ፤ በአላህ ይሁንብሽ ፍቺልኝ!» እናቴን የምታህል ሴት። ብትመታኝ ይሻለኝ ነበር። እጄን ወደ ክሩ ዘረጋሁ። «እንዳትነኪው!» ብለው አባ ሙሄ ሲጮኹ ወንዶቹ ሁሉ ቆሙ። ሰይድን አንዱ ከኋላ ያዘው።

ያኔ ትርንጎ ከጥጉ ተነሣች።

«ልጅቷን ተዉአት። ያሰርኩት እኔ ነኝ። እሷ ምን ታውቃለች?»

«እትዬ ትርንጎ፣ አይደለም...» ስል አፌን በመዳፏ ያዘችኝ፤ መዳፏ ሲጋራ ሲጋራ ይሸታል። አሻንጉሊቱን አንሥታ ክሩን በጥርሷ በጠሰችው። እግሩ ወልቆ መሬት ወደቀ። «ይኸው፣ ፈትቼዋለሁ» አለች ለዘምዘም፣ ቀስ ብላ፣ ለታመመ ሰው እንደሚነገር። አባ ሙሄ ረጅም ጊዜ አዩአት። እኔ እስከዛሬ እውነቱ ገብቷቸው ነበር እላለሁ፤ ፊታቸው ላይ እፎይታ አይቻለሁ። ደም እንዳይፈስ የሚፈልግ ሽማግሌ የሚቀበለውን ተቀበሉ። «ማንም እጁን አያነሳባትም። ሲነጋ ግን ከዚህ አገር ትውጣ» ብለው ፈረዱ።

አሻንጉሊቶቹን ወንዝ ዳር አቃጠሏቸው። የፕላስቲኩ ሽታ ልብሳችን ላይ ቀረ። ትርንጎ የያዘችው አንድ ሻንጣ ብቻ ነበር፤ ብርቱካን የጫነ መኪና ጋቢና ገብታ ወደ ደሴ አቅጣጫ ሄደች። እናቴን ስትሰናበታት «ይቺን ልጅ ለጊዜው ክር አታስይዣት» ብላ ሳቀች። እናቴ አልሳቀችም። ትምህርት ሳይከፈት ወልድያ ገባን። ደሴም ኮምቦልቻም በሄድኩ ቁጥር በልባሽ ጨርቅ ተራ ሳላልፍ አልመለስም፤ አንድም ቀን አላገኘኋትም።

ከናሆም ክፍል በወጣሁ ማግስት በሚኒባስ ከመርሳ ወዲያ ወዳለው ቤቴ ስመለስ ሾፌሩ መርሳ ላይ ለፍራፍሬ ቆመ። ፓፓያ የሚሸጠው ሁሴን ነው። ጠና ያለ ሰው ሆኗል፣ ልጆች አሉት፤ ትንሽ ያነክሳል እንጂ በሁለት እግሩ ይሄዳል። ሳየው ሁልጊዜ ደስ ይለኛል፤ ሁልጊዜም እፈራለሁ። የሚያነክሰውን እግሩን መታ መታ እያደረገ «ይኸው አስካልዬ፣ ሴትዮዋ በሄደች በሳምንቱ የቆመ እግር» አለኝ፤ ባየኝ ቁጥር የሚላት ነገር ናት።

ዘንድሮ ግን ዝም ማለት አልቻልኩም። ከመኪናው ወርጄ ሁሉንም ነገርኩት፤ መርፌውን፣ ክሩን፣ የሰይድን አባት። በትዕግሥት ሰማኝ።

«እሷ ራሷ እኔ ነኝ ብላ አምና የለ እንዴ?» አለኝ።

«ያመነችው እኔን ለማዳን ነው፣ ሁሴን።»

ሁሴን ፓፓያውን እየመረጠ፣ ቅር እንዳይለኝ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እሱንማ እናቴም ትላለች። አስካል እንዲህ ብላ ትከራከርላታለች፤ ሴትዮዋ እሷንም አስራት ስለሄደች ነው ትላለች። አብሽሪ፣ ዱአ እናደርግልሻለን።»

የትርንጎ ውሸት ከሞት አድኖኝ ይሆናል፤ የኔን እውነት ግን ለዕድሜ ልክ ዘግቶታል፤ ባወራሁ ቁጥር የማጠብቀው ራሱን ቋጠሮውን ነው። ፓፓያውን ተቀበልኩና ወደ መኪናው ተመለስኩ። ሁሴን እያነከሰ መስኮቱ ድረስ ሸኘኝ፤ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አየሁ፣ ዱአውን ጀምሮልኝ ነበር።