የጥቂት ወር ዘላለም

አሁን በምኖርበት ሰፈር፣ ሌክ ሲቲ፣ በአንድ ፀጉር ቤት ደጃፍ ሳልፍ ያ ዓይን የሚያስለቅስ የአሞኒያ ሽታ አፍንጫዬን ይነካዋል፤ እኔም ብቻዬን ፈገግ እላለሁ። ከዓመታት በፊት ቡሪየን፣ ኤርፖርቱ አጠገብ ያለው አክስቴ ቤት፣ እንዲህ ሸትቶ ያውቃል።

አውሮፕላን ዝቅ ብሎ ባለፈ ቁጥር መስኮቱ ይንቀጠቀጥ ነበር። አክስቴ ሻሽ ጠምጥማ ሶፋው ላይ ታለቅሳለች። ለዓመታት ተለይቷት የኖረው ባሏ በማግሥቱ ከአዲስ አበባ ሊገባ ነው። አምሮባት ልትቀበለው ፀጉሯን ልትሠራ ሄዳ ነበር። ሻሹን ስትፈታው ያ ዞማ ፀጉሯ ጆሮዋ ሥር ተጠቅልሎ ቀርቷል።

«ታጠቢውና ይልቀቅ» አልኳት።

«ምኑ ይለቃል! ሴትየዋ ፐርማነንት ነው አለችኝ እኮ! አያውቀኝም፣ በቃ!»

ይህን ቃል የምታውቀው ከመኖሪያ ፈቃዷ ነበር፤ እዚያ ላይ «ከእንግዲህ የሚነቅልሽ የለም» ማለት ነው።

የትምህርት ቤት መዝገበ ቃላቴን ገለጥኩ። «ፐርማነንስ» ቋሚነት፣ የማይለወጥ ነገር ጠባይ ይላል። አክስቴ አንገቷን ደፋች። ዝቅ ብዬ ሳነብ ግን «ፐርማነንት» ራሱ ስም ሆኖ ሲገባ ለጥቂት ወራት የሚቆይ የፀጉር ጥቅል ነው።

«ጥቂት ወር ነው የሚለው?»

«ጥቂት ወር።»

«ታዲያ ውሸታሞች ናቸዋ!» ብላ እንባዋን ሳትጠርግ ሳቀች።

ስለማይለወጠው ነገር ሊቃውንት የጻፉትን ከዚያ ወዲህ ብዙ አንብቤያለሁ። እንደዚያች የመዝገበ ቃላት መስመር እፎይ ያሰኘኝ የለም። ዘላለምን በወር የሚሰፍር ቋንቋ ይባረክ።

በማግሥቱ ኤርፖርት ባሏ ሻንጣውን እየገፋ ብቅ አለ፤ ሸብቷል፣ ከስቷል። ፊቷን አየና አልፏት ሄደ። አክስቴ ክንዴን ጨበጠች፤ ጥፍሯ ተሰማኝ። ከዚያ ከኋላው ጮኸች፦

«አንተ ሰውዬ! ዛሬም ቁልፍህን አዛንፈህ መጣህ?»

መጀመሪያ እጁ ወደ ሸሚዙ ደረት ሄደ። እውነትም አዛንፎ ነበር የቆለፈው። ዞሮ ያያት ከዚያ በኋላ ነው።

«ፀጉሬን እንዳታይ» አለችው አንገቱ ሥር ሆና፣ «ይለቃል።»

ፀጉሯ ለፋሲካ ለቀቀ።

አሁን እጁ ስለሚንቀጠቀጥ ሸሚዙን የምትቆልፍለት እሷ ናት፤ የእሷም ዓይን ደክሟል። ባለፈው እሑድ ተደጋግፈው ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ አየኋቸው። አንድ ቁልፍ ተዛንፏል።