ስምንተኛው ጫፍ

ልብስ ሰፊው ጃፋር ወረቀት ላይ ነድፎ ጨርቅ ሲቆርጥ አይቼው አላውቅም። አንዋር መስጊድ ጀርባ፣ ከእኔ የክርና የሸሚዝ ቁልፍ ሱቅ ፊት ለፊት፣ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ በዓይኑ ለክቶ ሲቆርጥ ኖሯል። "ሜትር ለጀማሪ ነው" ይላል ደግሞ፣ ሰው እንዲሰማው ጮክ ብሎ። ሱሪ ተበላሽቶበት ስለማያውቅ ጉራውን እችለው ነበር።

ግንቦት ላይ እትዬ በለጥሻቸው የሟች ባላቸውን የጋሼ ጥላሁንን ስምንት ሸሚዞች በፌስታል ይዘው መጡ። ልጃቸው ስልካቸው ላይ የጫነችላቸውን ፎቶ አሳዩት። ከቁርጥራጭ ጨርቅ የተሰፋ የአልጋ ልብስ ነው፤ መሃሉ ላይ ስምንት ጫፍ ያለው ኮከብ አለው።

"እያንዳንዱ ጫፍ ከአንድ ሸሚዝ ይሁንልኝ" አሉት። "ሐኪሙ መርሳት ጀምረሻል ብሎኛል። እያየሁት እሱን እንኳ እንዳልረሳው ብዬ ነው፣ ልጄ።"

"ይቺማ የሁለት ቀን ሥራ ናት፣ እትዬ!" አለ ጃፋር።

ስምንቱንም በአንድ ጠዋት ቆራረጣቸው። ሲገጣጥማቸው የኮከቡ መሃል እንደ ድስት ክዳን ጉብ አለ። ፈታው፣ ከርክሞ እንደገና ሰፋው፤ አሁንም ጉብ አለ። ስምንት ሹል ጫፍ አንድ ቦታ ሲገናኝ ዓይን ብቻውን እንደማይበቃ የገባው ሁለት ሳምንት ሰፍቶ ከፈታ በኋላ ነው። በመጨረሻ ልኩን ሲያገኘው፣ ስምንተኛው ጫፍ በመከርከም ብዛት አልቆ ነበር። ከዚያ ሸሚዝ የተረፈውን እንዳይፈልግ፣ በእኛ ሰፈር ከሰፊ ጠረጴዛ ሥር የወደቀ ጨርቅ ትራስ የሚሞሉ ሰዎች ድርሻ ነው፤ ሐሙስ መጥተው ጠራርገው ወስደውታል።

"ምን ታካብዳለህ?" አልኩት እኔ። "ገበያ ሂድና የሚመስለውን ገዝተህ ያረጀ እንዲመስል በረኪና ውስጥ ንከረው። ማን ያውቅብሃል?" አፌን በቆረጠው! እንዳልኩት አደረገ።

እትዬ በለጥሻቸው ሲመጡ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋላቸው። ጫፎቹን አንድ በአንድ በጣታቸው እየነኩ፣ "ይሄን ልጃችን ስትመረቅ ለብሶታል። ይሄን ዝዋይ የሄድን ጊዜ። ይሄኛው ላይ ደግሞ ወጥ ደፍቼበት..." ብለው ሳቁ። ሰባቱንም አወቋቸው። ስምንተኛው ላይ ጣታቸው ቆመ። አሹት፣ ወደ ዓይናቸው አስጠጉት።

"ይሄኛው ጠፋብኝ" አሉ ቀስ ብለው። "እሱንም መርሳት ጀመርኩ ማለት ነው።" እንባቸው ወረደ።

ጃፋር ወደ እኔ አየ። እኔ ላደርስለት ያመጣሁትን የክር ካርቶን የማስተካክል መሰልኩ። አላህ ይቅር ይበለኝ፣ ዝም በል እያልኩ በሆዴ ለመንኩት።

"እትዬ፣ እርስዎ አልረሱም" አለ፣ ደንበኛ ሁሉ እየሰማው። "እኔ ነኝ ያበላሸሁት። ይሄ የጋሼ ጥላሁን አይደለም፤ ከገበያ የገዛሁት ጨርቅ ነው።"

ይጮኹበታል ብዬ ስጠብቅ እጁን አፈፍ አድርገው ሳሙት። "አልረሳሁትም? አልረሳሁትም በለኛ! ተባረክ፣ ልጄ!"

ጃፋር አሁን አንገቱ ላይ ሜትር አይጠፋም። "ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር" ይላል። እትዬ በለጥሻቸው በሱቄ ባለፉ ቁጥር "ምስራ፣ ደህና ዋልሽ?" ይሉኛል። ስሜን አልረሱም። ምክሩ የእኔ እንደነበረ ግን እስከ ዛሬ አልነገርኳቸውም።