ለእህቴ ብቻ የታየችው እናታችን

ልጅ እያለሁ አጥብቄ የቀናሁት በታናሽ እህቴ በትርሲት ነው። ያስቀናኝ ልብሷ ወይም መጫወቻዋ ሳይሆን ቅዠቷ ነበር። እኔ አሥራ አንድ፣ እሷ ስምንት ዓመታችን ነው። አባታችን ከመተማ ወደ ሱዳን ተሻግሮ ሾዋክ አጠገብ የሰሊጥ እርሻ ላይ ይሠራ ስለነበር የምንኖረው እዚያው ነበር። በዚያ ዓመት ዝናቡ እንዳባራ ቤታችን ወባ ገባ። እናታችን በሦስተኛው ቀን ሞተች። ትርሲት በትኩሳት ራሷን ስታ ስለነበር እኔም እሷን እንድጠብቅ ቤት ተተውኩ፤ ቀብሩን ሁለታችንም አላየንም።

ትርሲት ትኩሳቱ ሲለቃት እናታችንን ማየት ጀመረች። ቀትር ላይ፣ አገሩ ሁሉ የታጨደ ሰሊጥ ሲሸት፣ ደጃችን ካለው የሣር ዳስ ሥር ትቀመጥና ጭንቅላቷን ወደ ኋላ ዘንበል ታደርጋለች። እናታችን ሹሩባ እየሠራቻት ነው። ትርሲት ታወራለች፣ ትስቃለች፣ ከዚያ ተነሥታ የቀረበላትን ጥርግ አድርጋ ትበላለች። እኔ ግን እህል አልወርድ ብሎኝ አጥንቴ ወጥቶ ነበር።

አባቴ ጋኔን ተጠጋት ብሎ ፈራ። ጠበሉ ሩቅ ስለሆነበት ሁለታችንንም ሾዋክ ወዳሉ አንድ ሱዳናዊ ሐኪም ወሰደን። ሽማግሌው ሐኪም ትበላለች ወይ፣ ትተኛለች ወይ፣ የምታየው ያስፈራታል ወይ ብለው ጠየቁ። ከዚያም አባቴን "ማሌሽ" አሉት፣ አይዞህ እንደማለት። ክፉ ቅዠት አለ፣ ልብ ኀዘኑን ቀስ ብሎ እንዲለምድ የሚያግዝም አለ፤ ከፈራች መልሰህ አምጣት፣ ካልፈራች ተዋት ብለው ሸኙን። እኔን የጠየቀኝ የለም።

ቅናቱ አንገበገበኝ። እማ ስትታመም ውሃ ያቀበልኳት እኔ፣ ላቧን የጠረግኩላት እኔ፤ ታዲያ ለምን ወደ እኔ አትመጣም? አንድ ቀን ትርሲት ውሃ ልትቀዳ ስትሄድ ጠብቄ ቦታዋ ላይ ተቀመጥኩ። ጠጉሬን ፈትቼ፣ ዐይኔን ጨፍኜ ቆየሁ። የመጣው የጎረቤት ፍየል ብቻ ነበር፤ የቀሚሴን ጫፍ ያኝክ ጀመር።

ትርሲት ስትመለስ እንድታለቅስ ፈልጌ፣ "እማ ሞታለች። አንቺ የምታይው ነገር የለም" አልኳት።

"አውቃለሁ እታለም" አለችኝ። "ግን ትመጣለች።"

"ስለ እኔስ ምን አለች?"

"አልጠየቅኋትም" አለች። ብትዋሸኝ ይሻለኝ ነበር።

ሰሊጡ ተራግፎ ሲያልቅ ቅዠቱም እየሳሳ ሄደ። አንድ ቀትር ትርሲት ከተቀመጠችበት ተነሣችና፣ እማ ደኅና ሁኚ ብላኛለች፣ ከእንግዲህ አትመጣም ብላ ከልጆች ጋር ልትጫወት ሮጠች።

ዛሬ እኔ ገዳሪፍ ልብስ እሰፋለሁ፤ እሷ ቱነይድባ የስደተኞች መጠለያ ውስጥ ልጆች ታስተምራለች። ጦርነት ሸሽቶ የመጣ ልጅ የሌለ ሰው ሲያናግር ካየች አጠገቡ ቁጭ ብላ ታዳምጠዋለች። ስለ ራሷ ሳነሣባት "ትኩሳት ነበር እኮ" ብላ ትስቃለች። የእናታችንን ፊት ግን እንደ ትናንት ታስታውሰዋለች፤ የጥርሷን ፍንጭት፣ የአገጯን ንቅሳት። እኔ ፊቷ ጠፍቶብኛል። ያኔ ዐይኔ ደርቆ ቀረ፤ ለእናቴ ያለቀስኩት ራሴ ከወለድኩ በኋላ ነው። አርባ ሊሞላኝ ነው፣ አሁንም በትርሲት እቀናለሁ። እሷ እናቷን ተሰናብታለች፤ እኔ አልተሰናበትኩም።