ወንድሜ የሚመርጣቸው ሁለቱ

ታላቅ ወንድሜ እንግዶችን ወደ ስሜን ተራሮች የሚወስድ አስጎብኚ ነበር። አንዱ ቱሪስት ሲሰናበተው ሲዲ ሰጠው፤ ትራንስ የሚባል፣ ከልዩ ልዩ ሙዚቀኞች የተሰበሰበ፣ ዘፋኝ የሌለው የኮምፒውተር ሙዚቃ ነው። ቁስቋም ሰፈር ባለው ቤታችን አብረን ሰማነው። አንዳንዱ ቀስ ብሎ ይጀምርና ሳናውቀው ይዞን ከፍ ይላል፤ አብዛኛው ግን ያንኑ ምት ይደጋግማል እንጂ የትም አይደርስም።

«ይሄኛው ሸጋ ነው» ይለኛል። «ያኛው የወፍጮ ቤት ጩኸት ነው፤ እለፊው።»

በኋላ ኩላሊቱን ታመመና ተራራው ቀረበት። አልጋ ከያዘ ወዲህ ከሲዲው የሚወዳቸውን ሁለቱን ሙዚቃዎች ብቻ እየመረጥኩ እከፍትለት ነበር። ዓይኑን ጨፍኖ ይሰማል፤ ጣቶቹ ብርድ ልብሱ ላይ ምቱን ይከተላሉ። ክረምቱ ሳይወጣ አረፈ።

ከአርባው በኋላ የለቀስተኛው እግር ሲቀንስ እናቴ «እስኪ እሱ ይሰማው የነበረውን ክፈችልኝ» አለችኝ። ከፈትኩላት። ሁለቱ አልቀው የማንወዳቸው ሲጀምሩ ላጠፋው ተነሳሁ።

«ተይው» አለችኝ፣ ነጠላዋን አፏ ላይ እንደያዘች። «ይኼንንስ ቢሆን ሰምቶት የለ?»

ሲዲው እስኪያልቅ ድረስ አጠገቧ ተቀመጥኩ።